እንቁራሪቶቹ ዝም ስላሉ ለተላከልን የምስጋና ወረቀት

ለአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ወንበርዎና ሁልጊዜ የሚዘጋው በርዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ የጅረቱ ዳር ነዋሪዎች ሽታውን ከለመድነው ወዲህ ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልዎ ጡረታ የወጣሁ የቧንቧ ሠራተኛና የሰፈራችን የጅረት ጠባቂ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው አመሻሽ ድልድዩ ሥር ቆመን የሚጮኹትን እንቁራሪቶች ስንቆጥር ኖረናል፤ ውኃ ሲመረዝ ቀድማ የምትጠፋው እንቁራሪት ናትና። ከላይ በኩል ቆዳ ፋብሪካው ከተከፈተ ወዲህ ቁጥሩ ከአርባ ወደ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ ምንም ወረደ። ይህንኑ ከነሠንጠረዡ አቅርበን ስለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. ማመልከቻችንን ለድምፅ ብክለት ክፍል ስለመሩልን አመሰግናለሁ። ክፍሉም ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ በመቆሙ ጉዳዩ መፍትሔ አግኝቷል ብሎ ፋይሉን ዘግቶ፣ ለኮሚቴያችን የምስጋና ወረቀት ልኮልናል። ማኅተሙ ያምራል።

፪. ስህተቱ እንዲታረም ስመላለስ፣ የተዘጋ ፋይል የሚከፈተው እንቁራሪቶቹ እንደገና ከጮኹ ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎ በትሕትና አስረድታኛለች። ምን ታድርግ፣ የታዘዘችውን ነው።

፫. ፋይሉ እንደተዘጋም ቢሆን ባለሙያዎ ውኃውን ሊመረምር ስለመጣ፣ የሚመጣበትንም ቀን ፋብሪካው አስቀድሞ በደብዳቤ እንዲያውቀው ስለተደረገ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባል እሰማ ነበር፤ ጅቡን ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ግን በዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ። ባለሙያው በመጣበት ማክሰኞ ጅረቱ ኩልል ብሎ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ኳሷን ላወጣ ብላ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ እግሯ እንደተቀቀለ ድንች ተላጠ። እዚህ ላይ ትሕትና ቢያንሰኝ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ተናድጃለሁ።

የምንለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይሉ ይከፈትና ባለሙያው ለማንም ሳይነግር ረቡዕ ይምጣልን።

ማኅተምዎን ሳያደርቅ፣ የቢሮዎንም መስኮት ወደ ጅረቱ ሳያዞርብዎ ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ አፍንጫዬን በፎጣ አስሬ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የጅረት ዳሩ ጡረተኛ

ማስታወሻ፦ ለድምፅ ብክለት ክፍልዎ ተጨማሪ የምሥራች አለኝ። ሐኪሙ ከዚህ ውኃ አርቋት ስላለ፣ ልጄ ትንሿን ይዛ ትናንት ከቤቴ ለቅቃለች። ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍና ስትዘፍን የምትውለው ትንሿ ነበረች። አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ይህንንም መፍትሔ አግኝቷል ብለው ይመዝግቡልኝ።