ከቆቆች ቁጥር እንድሰረዝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የተራራው ጥብቅ ስፍራ የብርቅዬ አእዋፍ ማገገሚያ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ይሁንልዎ፤ ከዓመት ዓመት ምንም ሳይጓደልበት ይቆይልዎ። እኔ፣ በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሳገናኝ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ በምሥራቁ ሸንተረር ላይ ቆቅ የምቆጥር በጎ ፈቃደኛ፣ ውድ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታ እየጠየቅሁ የሚከተለውን አቤት እላለሁ።

አንደኛ፣ የቆቅ ድምፅ የሚያወጣ ፊሽካ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ቆቅ መቼም ቆቅ ነውና በዓይን አይያዝም፤ ጎሕ ሲቀድ ሦስት ጊዜ ይንፉ፣ መልስ ከሰሙ ይጻፉ ተባልኩ። ነፋሁ፤ ከማዶ መለሰልኝ፤ ጻፍኩ።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው እንዳይበረዝ አንዱ በጎ ፈቃደኛ የሌላውን ምድብ እንዳያውቅ መከልከላችሁ እጅግ የሠለጠነ አሠራር ነው። ከዚህ ጥንቃቄ የተነሳ፣ በማዶው ሸንተረር ላይ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ያንኑ ዓይነት ፊሽካ ይዘው ይቀመጡ እንደነበር ያወቅሁት፣ የክፍላችሁን የሐዘን መግለጫ አይቼ ቀብራቸው ላይ በተገኘሁበት ቀን ነው። ልጃቸው፣ አባቷ እስከ መጨረሻው ስለ አንዲት ሴት ቆቅ ያወሩ እንደነበር ነግራ ማስታወሻ ደብተራቸውን አሳየችኝ። ቀኑም ሰዓቱም ከእኔው ጋር አንድ ነው። «ዛሬም መለሰችልኝ። ብርድ መቷታል መሰለኝ፣ ድምፅዋ ሰለል ብሏል» የሚል አለበት፤ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ደዋዩን በትንፋሹ አውቃለሁ ባይዋ እኔም፣ ሦስተኛው ጥሪ ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ወንድ ቆቅ ገጽ ሙሉ ጽፌያለሁ። ሰውዬው አስም ነበረባቸው።

ሦስተኛውና ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ፣ እኛን ቆጥራችሁ «ጥንዶቹ በዱር አገግመዋል» ካላችሁ በኋላ፣ በክፍላችሁ ማሳደጊያ ቤት በእጅ ያደጉት አሥራ አንድ የቆቅ ጫጩቶች ከእንግዲህ ለተራራው አያስፈልጉም ተብሎ የፊታችን ሰኞ ለከተማ መናፈሻ ሊሰጡ መሆኑ ነው። ክቡር ሆይ፣ ተራራው ላይ ቆቅ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ የነበርነው ሁለት ጡረተኞች ነን። አሁንም ማለዳ ማለዳ ወጥቼ እነፋለሁ፤ ከማዶ ምንም አይመልስም፤ ያም ጸጥታ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ይገባል፣ ዕቃ ሳጥብ ከጀርባዬ የቆመ ይመስለኛል። እፈራዋለሁ። ስለዚህ እኔን ከቁጥር ሰርዛችሁ ጫጩቶቹን ወደ ተራራው እንድትለቁልኝ እማጸናለሁ።

ለሪፖርትዎ ማማር ሲባል ሦስት ዓመት ያለ ላባ ያገለገልኩ፣ ከአክብሮት ጋር ታዛዥዎ፣
የምሥራቁ ሸንተረር ሴት ቆቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቀብሩ በኋላ የወጣው ሪፖርትዎ «ሴቷ ለመራባት የደረሰች ናት፤ የወንዱም ድምፅ በዚህ ሳምንት ተሰምቷል» ይላል። ስለ ሴቷ፣ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነውና ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ወንዱ ግን፣ እባክዎ፣ ማን የት እንደሰማው ይንገሩኝ፤ እኔም ሄጄ ልስማው።