ከይቅርታ ጣፋጭ ጋር ስለመጣው አዲሱ የእጅ መጫወቻ

ለሃናጉሩማ መጫወቻዎች ኩባንያ ፕሬዚዳንት፣
ለክቡር አቶ ሂሳኖቡ ኢሱሩጊ፤
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ የፕለም አበባ ረግፎ ሳያልቅ የሚደርስዎት ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ባለአክሲዮኖችዎንም በሙሉ ትዕግሥት ያገኛቸው ዘንድ እመኛለሁ። እኔ በአማጋሳኪ የገበያ መንገድ ላይ ሟች ባለቤቴ ትቶልኝ የሄደውን የመጫወቻ ሱቅ የምጠብቅ ሴት ነኝ። አዲሱ በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መጫወቻዎ የስልክን ፉክክር ይችለው እንደሆነ ጋዜጠኛ ሲጠይቅዎ «ስልክ የሚያልፍ ዝናብ ነው» ማለትዎን አንብቤ ኮራሁብዎ። ዝናቡ የእኔን ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷልና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ ጣፋጩ። ወጣቱ የሽያጭ ሠራተኛዎ ኑካጋ፣ መጫወቻው ገበያ ላይ ሊውል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ካርቶን ጣፋጭ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና ግንባሩ ባንኮኒዬን እስኪነካ አጎነበሰ። ስጦታ ተቀብሎ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ፣ ውለታ ለመመለስ ብዬ ያዘዝኩትን መጫወቻ እጥፍ አደረግሁት። ለካስ የመጣልኝ የደስታ ሳይሆን የይቅርታ ጣፋጭ ኖሯል! ከማጥፋቱ በፊት ይቅርታ የሚጠይቅ ኩባንያ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅምና አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ።

፪. ስለ ጥፋቱ። መጫወቻው በወጣበት ቅዳሜ ኑካጋ ገዢ እየጠበቀ፣ በራፌ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ አገኘሁት።

«ምን እየተጫወትክ ነው፣ ልጄ?»

«የእኛኑ አምባዛ ነው፣ እትዬ» አለኝ ፊቱ ቀልቶ። «ከዛሬ ጀምሮ በስልክም ወጥቷል፤ ያውም በነጻ። ያን ቀን ልነግርዎት ነበር እኮ የመጣሁት፤ ጣፋጩን አይተው ደስ ሲልዎት አፌ ተሳሰረ።»

አምባዛው ከአዲሱ መጫወቻ ጋር የሚመጣ፣ ልጆቹ ዓመት ሙሉ የጠበቁት፣ እኔም አምኜ መደርደሪያዬን የሞላሁበት ጨዋታ ነው። ዝናቡን የሚያዘንቡት እርስዎ ራስዎ መሆንዎን ባውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልኮራሁ።

፫. ለማሳያ የላኩልኝ መጫወቻ ግን ያለ ጥቅም አልቀረም። ልጆቹ የኤሌክትሪክ ገመዱን ከእሱ ነቅለው ስልካቸውን ይሞሉበታል። የዓሣ ሻጩን ልጅ ሪኩያን ስቆጣው፣ «እትዬ ደግሞ! ይሄን ማንም አይነካውም፤ የእኔ ስልክ ግን ሊዘጋብኝ ነው!» አለኝ። መልስ ካለዎት ይላኩልኝ።

፬. ስለ ጸጥታው። አግዳሚውን ባለቤቴ ያሠራው ልጆች መጫወቻቸውን አገናኝተው ጎን ለጎን እንዲጋጠሙ ነበር። «ሌባ! አጭበረበርክ! ድገመኝ!» እያሉ ሲጮኹ ፊት ለፊት ያለው ሥጋ ሻጭ በየቀኑ ያማርር ነበር። አሁን ያው ልጆች እዚያው ተቀምጠው እያንዳንዱ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። በቀደም ሥጋ ሻጩ ራሱ መጥቶ፣ «ወይዘሮ ኡራቤ፣ ልጆቹ ታመዋል እንዴ?» አለኝ። ጩኸታቸው ናፈቀኝ፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያለ ጩኸቱ በር ከፍቶ መዋሉ ትርጉም ስለሌለው በወሩ መጨረሻ ሱቁን እዘጋለሁ።

ግንባሬ ባንኮኒዬን እስኪነካ አጎንብሼ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር፣ ለሌላ ሱቅ የሚተርፍ ጣፋጭ እንዳያጡ እየተመኘሁ፣

ፉሚኖ ኡራቤ
መጫወቻ ሻጭ፣ ለጊዜው

ማስታወሻ፦ ከዚያው ጣፋጭ ቤት የተገዛ አንድ ካርቶን አብሬ ልኬልዎታለሁ፤ የይቅርታ ነው። በነጻ መስጠትን ከእርስዎ ተምሬ፣ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው መደርደሪያዬ ላይ የቀሩትን መጫወቻዎች በሙሉ ትናንት ለአግዳሚው ልጆች አደልኳቸው። ለጋዜጠኛው የሚሰጡት መልስ ከጎደለዎት ይኸው፦ ስልኮቹ እስከ ማታ ከኪስ አልወጡም። ሥጋ ሻጩም «ኧረ ወይዘሮ ኡራቤ፣ ጆሮዬን በሉት!» እያለ መጣ። ለእሱም አንድ ካርቶን ሰጠሁት፤ እንዲህ ደስ እያለኝ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።