ለኮምፒውተሬ ጠባቂ ተያዥ ፍለጋ

ውድ ብርነሽ፣

መጀመሪያ ያሳፈረኝን ልንገርሽና ይውጣልኝ። ቲና ሱቅ ውስጥ፣ ኮፒ የሚያስነሳው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ ስለ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም «ተያዥ አለው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። አዎ፣ ለዘበኛና ለቤት ሠራተኛ የሚጠየቀውን ተያዥ። ከኋላዬ የቆመ ሰውዬ «መታወቂያውንም ኮፒ አድርጊልን» አላት። ሱቁ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

በእጄ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። በየሳምንቱ የሰው ወሬ እየለቃቀምኩ ለመጽሔት የማቀብል ሴት፣ ይህኛውን ለማንም አላወራውም፤ በዚያ ኮምፒውተርም አልጽፈውም። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንዴ ስለ ሐዋሳ ሙቀት፣ አንዴ ስለ ልጅሽ ስለ ኖላዊ ጥርስ አውርተን ዘጋን።

ነገሩ ያ አደራሽ ነው። ከደምሰው ጋር ስትለያዩ የራስሽን ላፕቶፕ አላመንሽውም፤ የገዛውም፣ የሚጠግነውም፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀውም ራሱ ባልሽ ነበርና። የዛተብሽን ድምፅና ፎቶዎቹን እኔ ቤት ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥሽ። «ፍርድ ቤቱ ኖላዊ ከማን ጋር ይኑር ብሎ እስኪወስን አንቺ ጋ ይቆይልኝ። ደምሰው ቀድሞ ካየው ለሁሉም መልስ ያዘጋጅለታል» አልሽኝ። ተቀበልኩ። ማህደሩን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም፤ ወሬ መውደዴን ለምታውቂው ላንቺ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋሽም።

ከፋሲካ በኋላ የኮምፒውተሩ ጠባይ ተለወጠ። ያልጠራሁት ገጽ ይከፈታል፤ ጽሑፌን ስጀምር የማላውቀው ማስታወቂያ ይጋረድብኛል። አንድ ቀን ማንም ሳይነካው የካሜራው መብራት በራ። ያኔ ስለ ራሴ አላሰብኩም፤ እኔን በጓዳ ቀሚስ ያየ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው። ያሰብኩት አንቺን ነው።

ኮምፒውተርን ከሰላይና ከቫይረስ የሚጠብቅ ፕሮግራም ፍለጋ ኢንተርኔት ገባሁ። ሁሉም «ምርጡ እኔ ነኝ» ይላል። አንደኛው እንዲያውም ገና ሳልጭነው ኮምፒውተሬን መርምሬ ብዙ ሰላይ አገኘሁ አለኝ። በርሽ ላይ ቆሞ «ቤትሽ ሌባ ገብቷል፣ ቅጠሪኝ» እንደሚል ዘበኛ ቁጠሪው። ተስፋ ቆርጬ ለቡ መብራት ኃይል ወዳለችው ቲና ሄድኩ፤ ኮፒ ከማንሳት አልፋ የሰፈሩን ኮምፒውተር የምትነካካው እሷ ናት። አንድ ጠባቂ ፕሮግራም አለኝ ስትለኝ ተያዥ የጠየቅኋትም ያን ዕለት ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ቲና «የኔ እመቤት፣ ተያዡ እኔ ነኝ» አለች። «ሱቄ ላይ የጫንኩት እሱን ነው። ይኸው እየሠራሁበት አይደል?»

ሱቋን ዘግታ ቤቴ ድረስ መጣችና ከፍላሽ ጫነችልኝ። ሲጫን ፕሮግራሙ፣ ኮምፒውተሩ ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ጥበቃ አጥፉልኝ ብሎ ጠየቀ። «ሁለት ጠባቂ አንድ ቤት ውስጥ ይጣላል» ብላ አጠፋችው። አሳማኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በእርግጥ ሰላም ሆነ። ማስታወቂያው ጠፋ፤ የካሜራው መብራትም ዳግም አልበራም። ጥግ ላይ አንድ አረንጓዴ ምልክት ተቀምጣ ደህና ነሽ ትለኛለች። እኔም አመንኳት።

ነገሩን ያነሳሳችው አከራዬ እትዬ በቀለች ናት። ልብስ እያሰጣች፣

«ለኮምፒውተርሽ ዘበኛ ቀጠርሽ አሉ» አለችኝ።

«አዎ እትዬ። ቲና ተያዥ ሆናለት።»

«ቲና አገሩን ታውቃለች?»

«ሱቋ ላይ ጭናዋለች።»

«እሱማ እኔም የድሮ ዘበኛዬን ግቢዬ ውስጥ አኑሬው ነበር። ተያዡ የአክስቱ ልጅ፣ የአክስቱ ልጅ ተያዥ ደግሞ ራሱ ዘበኛው ሆነው ተገኙ። የውሃ ፓምፔን ተጋግዘው ወሰዱት። ለቲና ማን አመጣላት? እሱን ጠይቂ እንጂ።»

ጠየቅሁ። ቲና የሰጠኝ ቃለሕይወት ነው አለች፤ ከሱቋ ፊት ለፊት ባለው ቸርች ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ልጅ። «ጸሎተኛ ነው፤ መጥፎ ነገር አይሰጠኝም» ብላ ጨመረች። ጸሎትና ፕሮግራም ምን እንዳገናኛቸው አልጠየቅኋትም። እኔም የተቀበልኩት ቲና ሳቂታ ስለሆነች ነው።

ቃለሕይወት ገመድ እየጠቀለለ አገኘሁት።

«እህቴ፣ የቸርቹ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ጌታ ይመስገን፣ ምንም አላለም» አለኝ።

«አንተስ ከማን አገኘኸው?»

«ወንድም ደምሰው ነው በፍላሽ የሰጠኝ። የኮምፒውተር ነገር ሲሆን ሰፈሩ ከሱ ሌላ ማንን ይጠይቃል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ቁጭ በይ። አዎ፣ ያንቺው ደምሰው።

ሚኒባስ ይዤ ሀና ማርያም ወረድኩ፤ አሁን እዚያ ነው የሚሠራው። መሄዴ ብልህነት ይሁን ጅልነት አላውቅም። ሁሉም ተያዥ የሆነለትን ፕሮግራም፣ መጀመሪያ ያመጣው ሰው ራሱ ተያዥ ይሆንለት እንደሆነ ከአፉ መስማት ፈለግሁ። የተፈታ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ ነበር።

«ጋዜጠኛዋ፣ ወሬ አለቀብሽ እንዴ እዚህ ድረስ የመጣሽ?»

ስለ ፕሮግራሙ ነገርኩት። ቲና ጭናልኛለች፤ ያንተ ነው አሉኝ፤ ደህና ነው ወይ?

«የኔ አይደለም። ከሆነ ሰው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፤ ቃልዬ ሲጠይቀኝ ሰጠሁት። ማንንም ጫን አላልኩም።»

«ተያዥ ትሆንለታለህ?»

ሳቀ። «ለሶፍትዌር? እኔ ለወንድሜም አልሆን።» ከዚያ መፍቻውን አስቀምጦ ቀና አለ። «ምን ቢኖርበት ነው ያ ኮምፒውተር እንዲህ የሚያስሮጥሽ?»

«ጽሑፎቼ ናቸው።»

«እነሱንማ ማን ይሰርቅሻል።» መፍቻውን መልሶ አነሳ። «ብርነሽ ደህና ናት?»

ደህና ናት አልኩት። የተባባልነው ይኸው ነው። ብዙ አገላብጬዋለሁ፤ ሁለቱን ጥያቄዎች አከታትሎ የጠየቀው ስለሚያውቅ ነው ወይስ እኔና አንቺ ጓደኛሞች ስለሆንን? ከፊቱ ምንም አላነበብኩም። አንቺ ታነቢው ይሆናል፤ እኔ ያየሁትን በቅደም ተከተሉ አስቀመጥኩልሽ።

እንደተመለስኩ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩና ቲናን ጠራኋት። አደራሽን አልነገርኳትም። ፕሮግራሙን እንደገና ገላልጣ አየችው። የሚሸጥ ፕሮግራም ነው፤ ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ ተሰብሯል። ቁልፉን የሚሰብር ሌላ ትንሽ ፕሮግራም አብሮት ገብቷል፤ እሱ ከኋላ ምን እንደሚሠራ ቲናም አታውቅም። «ሰው ሁሉ ደህና ነው ሲል ጊዜ ነው እኮ፤ እኔ ምን አውቄ ተያዥ ሆንኩ» አለች። ልወቅሳት አልቻልኩም። ሃርድ ዲስኩን ፈትታ አወጣችልኝ። አሁን በፎጣ ተጠቅልሎ ልብሶቼ መሃል ነው።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ደምሰው ማስረጃውን አይቷል ብዬ አልነግርሽም፤ አላየም ብዬም አልምልልሽም። ጠበቃሽን ዛሬውኑ አግኚያትና ታይቷል ብላ ትዘጋጅ። ካልታየ ምንም አይቀርባችሁም። ዲስኩንም የሚመረምረውን ባለሙያ እሷ ትምረጥ፤ የሰፈር ሰው አይሁን። በሰው እጅ አልልከውም። ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ይዤው ሐዋሳ እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል። የቲናም የቸርቹም ኮምፒውተር ያንኑ ፕሮግራም ነው የተሸከመው። ቲና አርብ ጠዋት ከሠሪው ድርጅት ከራሱ ገጽ ባወረደችው ሌላ ጠባቂ ፕሮግራም ሁለቱንም ታስፈትሻለች፤ ቃለሕይወትም እሺ ብሏል። እነሱ ላይ የተገኘው እኛም ላይ አለ ማለት ነው። ደብዳቤውን ያስቀደምኩት ጠበቃሽ ጋ ጊዜ እንዳታጪ ነው እንጂ የአርቡን ውጤት ይዤልሽ ነው የምመጣው። መናኸሪያው ላይ ስንገናኝ ፊቴን አትመርምሪ። ደግም ቢሆን ክፉ፣ ሻንጣዬን ሳላወርድ እነግርሻለሁ።

ኖላዊን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ ሚካል