በምንጩ ራስ ላይ ያስደፋሁት በረዶ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

እንዲህ ያለ በረዶ ሰቆጣ ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፉብን መሰለኝ። ሲያባራ መናኸሪያው ነጭ ሆኗል። ባጃጆቹ እስከ ጎማቸው ተውጠዋል፣ ቱቦው ተደፍኗል፣ የሱቆቹ በር አልከፈት ብሏል።

የጽዳት ማኅበሩ አስተባባሪ እኔ ነኝና ሰው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ተከለ። የት ይደፋ? ወንዙ ዳር ይሁን ያሉ ነበሩ። ተቆጣሁ። የሰማይ ውሃ ደጃችን ድረስ መጥቶልን ወደ ተከዜ ልንሸኘው ነው? ያውም በልጉ በቀረበት ዓመት? የሰፈራችን ምንጭ ከመጋቢት ወዲህ ጠብ ጠብ ብቻ ነው የሚለው፤ ሴቶቹ ለአንዲት ጀሪካን ግማሽ ቀን ወረፋ ይይዛሉ። ከምንጩ በላይ ጎድጓዳ መሬት አለ። እዚያ ይከመር፣ ቀስ እያለ ይቅለጥ፣ ይስረግ፣ ምንጩም ይጠግብ አልኩ። "ደብሬ እኮ ጭንቅላት አላት!" አሉ። እውነታቸውን ነው።

በአካፋ፣ በባሬላ፣ በጋሪ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሳይመሽ ክምሩ ከቤቴ ጣሪያ በልጧል።

ለመሪጌታ፣ ለባሌ ማለቴ ነው፣ በኩራት ነገርኩት። ከመጽሐፉ ቀና ሳይል፣ "የተጫነው በረዶው ብቻ ነው ወይስ መናኸሪያውም አብሮ?" አለኝ።

ቀናተኛ አልኩት።

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ምንጩ ፈሰሰ! ጠብ ጠብ ሳይሆን ኮለል እያለ። ጠዋት የሄደችው ሁሉ ሞልታ ተመለሰች። እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ ከምንጩ አጠገብ ባለችው ጎጆ የሚኖሩት መነኩሲት፣ ጉንጬን ይዘው መረቁኝ። "የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ። አሜን፣ እቀበላለሁ።

የዛሬ ሳምንት የማርያም ንግሥ ነው። የጠበሉም የድግሱም ውሃ ከዚህ ይቀዳል። በአህያ ከሩቅ ማስመጣት ቀረልን።

ክምሩ አሁንም አለ። ላዩ ጠቁሯል። አቧራ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

አቧራ አይደለም።

ጠዋት አንዷ ጎረቤት ሽሮዋን ይዛ መጣች፤ ቅመሺው አለችኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ወደ ምንጩ ሮጥኩ። ውሃው ላይ እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ተንሳፍፏል። እማሆይን ሌሊቱን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው አድሮ ጠዋት በባጃጅ ሐኪም ቤት ወስደዋቸዋል።

ሴቶቹ ወዲያው ጥፋተኛ አገኙ። ሞላ ነው አሉ፤ ባጃጅ የሚጠግነው ሞላ፣ ቤቱ ከምንጩ ከፍ ብሎ ያለው። የተቃጠለ ዘይቱን ማን አይቶበት ነው የሚደፋው አሉ።

እኔ ብቻዬን ወደ ክምሩ ወጣሁ። ነጩ ሄዷል። የቀረውን እጽፈዋለሁ፣ እንዳልክደው፦

ጥቁር ዝቃጭ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥም።
ፌስታል፣ ስፍር ቁጥር የሌለው።
የፍሬን ሸራ። የባትሪ ድንጋይ። አንድ እግር ኮንጎ ጫማ።
ከቱቦ የወጣ፣ ስሙን የማልጽፈው ነገር።

መናኸሪያው አብሮ ተጭኗል። ባጃጅና አውቶቡስ ስንት ዓመት ያንጠባጠቡትን ዘይት በረዶው ጠርጎ ሰብስቦ፣ እኔ ደግሞ ወስጄ ምንጫችን ራስ ላይ አስቀመጥኩት።

ስወርድ "ምን አገኘሽ?" አሉኝ። "ይጣራል" አልኩና አለፍኩ። አፌ እንዲህ ሲያጥር አይቼው አላውቅም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረ ሕይወት አወጁ፤ እሑድ አውጫጭኝ አለ። ምንጩን ያበላሸው እስኪታወቅ ሰፈሩ በሙሉ ወይራው ሥር ተቀምጦ ይውላል። የቀረ ራሱን ጥፋተኛ አደረገ ማለት ነው።

ከሰዓት ሞላ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ግባ ስለው አልገባም አለ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ባጃጅ እንኳ ደጁ አልቆመም። "እትዬ ደብሬ፣ እርስዎ ያውቁኛል" አለኝ። "የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅሜ ምስጥ እንዳይበላው የቤት ምሰሶ ለሚቀቡ ሰዎች ነው የምሰጠው። ለእርስዎም ሰጥቻለሁ።"

እውነት ነው። የጓሮዬ አጥር በእሱ ዘይት ነው የቆመው።

"አይዞህ" አልኩት። በቃ፣ ይህችኑ። "እኔ ነኝ" ማለት እኮ ከ"አይዞህ" አይረዝምም ነበር።

እማሆይን ሐኪም ቤት ጠየቅኋቸው፤ ተሽሏቸዋል፣ ተመስገን። ወደዚያ ያደረሳቸው ባጃጅ የሞላ ነው፤ የነዳውም ራሱ ነው። ስሙን እያነሱ ሲመርቁት አንገቴን ደፋሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17

ጠዋት ተነስቼ ምንጩን በእሾህ አጠርኩት፤ ማንም እንዳይቀዳ። ይህችን ታህል ሠራሁ።

ላለመናገር ያሰብኳቸው ሰበቦች፦ ያሰብኩት ለበጎ ነው። ሁሉም እልል ብሏል። አስተባባሪነቱን ይነጥቁኛል። ደግሞስ በረዶ ያወረደው ማን ነው? የመጨረሻዋን ስጽፍ ራሴም አፈርኩ።

ምሳ ላይ ለመሪጌታ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ እቴ! "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቄ መጣ፤ እየሳቅኩም አለቀስኩ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ነገር ግን እስኪጠራ የሞላ ስም አይጥፋ" አለኝ።

ነገ እነሳለሁ። ሰው ፊት መናገር መቼ አቅቶኝ ያውቃል?

እሑድ፣ ግንቦት 18

ተነሳሁ።

ወይራው ሥር ሰፈሩ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ አንዳንዱን በአማርኛ፣ አንዳንዱን በኽምጣንጋ፣ "ያየህ፣ የሰማህ ተናገር" እያሉ በተራ ይጠይቃሉ። ሞላ ላይ ሲደርስ ተነስቶ ማለ። ከኋላ ጉርምርምታ ተሰማ። አንዱ "ጣቱን እዩት፣ ዘይት ነው" አለ። ሞላ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

እሱን ሳይ ተራዬ እስኪደርስ መጠበቅ አልቻልኩም። ብድግ አልኩና፣ "ጣቱን ተዉት! የእኔን እዩ። በረዶውን እዚያ ያስደፋሁት እኔ ነኝ። ዘይቱም፣ ቆሻሻውም ከመናኸሪያው ነው የመጣው። ሐሙስ ዕለት በዓይኔ አይቼ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ" አልኩ።

አንድ ጋሪ ነጂ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "እንግዲህ እኔም በጋሪዬ ስድስቴ ተመላልሻለሁ" አሉ። አንዱ "እኔ በባሬላ" አለ። አንዷ "እኔ በሳፋ" አለች። ቄስ ገብረ ሕይወት ራሳቸው ጢማቸውን እያሻሹ፣ "እኔም ውሃውን ባርኬዋለሁ" ሲሉ ሳቁ ፈነዳ። ሞላ ግን አልሳቀም።

ፍርዱ ይህ ነው፦ ያወጣው ሁሉ ያውርድ። ከምንጭም ከወንዝም ርቆ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። ምንጩ ሲጠራ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠጣው ደብሬ ትሁን። ፍርዱን ተቀበልኩ። አስተባባሪነቱን ማንም አላነሳውም፤ ሥራ ሊያስጀምሩኝ ነዋ!

ከዚያ ወደ ሞላ ሄጄ እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ያዘኝ። "ይተዉ፣ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ስግደት የለም" አለኝ። ይቅር ያለኝ መስሎኝ ቀና ስል ዓይኑን አየሁት። "እትዬ ደብሬ፣ ዓርብ ዕለት ቤትዎ መጥቼ ነበር እኮ" አለኝ።



ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

ትናንት አልጻፍኩም፤ ወገቤ አልታጠፍ ብሎ። በሁለት ቀን ጥቁሩን ዝቃጭ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ፍቀን አወረድን። ከላይ ዝናብ ቢመጣ ወደ ምንጩ እንዳይገባ መቀየሻ ቦይ ቆፈርን። ለመውጣት በጋሪ ጥቂት ሰዓት የፈጀው ለመውረድ ሁለት ቀን ፈጀ፤ በረዶው ቀልጦ እንኳ!

የምንጩን ድንጋይ በሳሙና እንፈግፍግ እያልን ስንከራከር ሞላ መጣ። ማንንም ሰላም ሳይል፣ "ዘይት በውሃ አይለቅም። ገለባና ሰጋቱራ አምጡ" አለ። አመጣን። ገለባው ዘይቱን ጠጣው፣ ለቅመን ከዝቃጩ ጋር ቀበርነው። እንደገና ነሰነስን። ምንጩን ሦስት ጊዜ ቀድተን አደረቅነው። አራተኛው ላይ አንድ ጣሳ የሚሞላ ንጹሕ ውሃ ተጠራቀመ። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ከወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለሙያ በጠርሙስ ናሙና ወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ለልብስ ይሁን እንጂ ለመጠጥ አይሆንም ብሏል።

ሐሙስ የገባኝን ግን ጽፌ ላስቀምጥ፤ በረዶ ሲወርድ ንጹሕ ነው፣ ከመንገድ ሲታፈስ ግን መንገዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ የሚያስደፋ ቢኖር መጀመሪያ እኔን ይጠይቅ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21

ማርያም ነግሣ ገባች። የጠበሉ ውሃ በአህያ ከሩቅ መጣ፤ አህዮቹ ባለፉ ቁጥር መሪጌታ ከማኅሌቱ መሀል ዓይኑን ወደ እኔ ይጥላል። ሰውዬው በንግሥ ቀን እንኳ አይምረኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ወደ ምንጩ ወረደ። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ፤ ፍርድ ግን ፍርድ ነው። አንድ ጣሳ ተቀዳልኝ። አሸተትኩት፣ ምንም የለውም። ጠጣሁት። የድንጋይ ጣዕም አለው፣ የድሮው ጣዕም። እማሆይ ወለተ ሥላሴ ከዘራቸውን ተደግፈው እልል አሉ።

ለሌላው ሰው ውጤቱ እስኪመጣ ለልብስ ብቻ ነውና ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደረደሩ። ሞላ ቢጫ ጀሪካን ይዞ መጣ። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በፀሐይ አቅጣጫ አየው፤ ያ የሚያብረቀርቀው ነገር አለ የለም ብሎ ይመስለኛል። ወረፋው ረጅም ነበር። ከታች መንገዱ ላይ ባጃጅ የተበላሸበት ሰው ይጠራዋል፤ ከሳምንት ወዲህ የመጀመሪያው ደንበኛ።

ወደ ታች አየ፣ ወረፋውን አየ። ከዚያ ጀሪካኑን እግሬ ሥር አኖረው።

"እትዬ ደብሬ፣ ተራዬን ይጠብቁልኝ" አለኝና ወረደ።

የራሴን ቀድቼ ጨርሼ ነበር። እሱ እስኪመለስ ግን ከጀሪካኑ አጠገብ ንቅንቅ አላልኩም። ሆዴም እስካሁን ደኅና ነው።