አክስቴ የሌለችበት ታሪክ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ወንዙን ተሻገረች፤ አለቀ። ዛሬም ከዚያ አላለፍኩም።

እንደ አጭር ልብ ወለድ ጥሩ ነበር። መጽሔት ላይ ወጥቶ ሰው ወዶታል። ከባለርስት ቤት በሌሊት የሸሸች ገረድ ከጨንቻ በጨለማ ቁልቁል ትወርዳለች፤ የኩልፎን ወንዝ ተሻግራ ቆላ ስትገባ ይነጋል። በቃ። ሴትዮዋ አያቴ ናት፤ የእናቴ እናት። አይቻት አላውቅም። እናቴ በሕይወት ሳለች ታሪኩን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ወንዙ ላይ ታቆም ነበር። እኔም እዚያው አቆምኩ።

አሁን አዲስ አበባ ያለው አርታኢ ረጅም ልብ ወለድ አድርጊው አለኝ። እሺ አልኩት። አፌን በቆረጠው። ስለ ድሮ ዘመን አጫጭር ታሪክ ስጽፍ ስለኖርኩ እጄ አሥረኛው ገጽ ላይ መዝጋት ለምዷል። «ምዕራፍ ሁለት» ብዬ እጀምራለሁ፤ የሚወጣው ግን ሌላ አጭር ታሪክ ነው።

ያልታረመ የተማሪዎች ፈተና ጠረጴዛው ላይ ተከምሯል። መብራት ሁለቴ ሄደ። ራሴን ያመኛል።

ባለቤቴ ተስፋዬ «ለምን ጨንቻ ወጥተሽ አክስትሽን አትጠይቂም?» አለኝ። አክስቴ ዘነበች የእናቴ ታላቅ ናት። አያቴን የሚያስታውስ ሰው ከእሷ ሌላ አልቀረም። እስካሁን ለምን እንዳልጠየቅኋት አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ የጻፍኩትን ታፈርስብኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ምንም አልጻፍኩም። አስተማርኩ፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ገበያ ገብቼ ለአክስቴ ሙዝ፣ ስኳርና ሳሙና ገዛሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ የምጠይቃትን አሰብኩ። ከወንዙ በኋላ የት አደረች? ማን አስጠጋት? ምን በላች? ወንድ አያቴን፣ ሸማኔውን፣ እንዳገባች አውቃለሁ፤ እንዴት ተገናኙ?

ደነገጥኩ። አሥር ገጽ የጻፍኩላትን ሴት የማውቃት አንድ ሌሊት ብቻ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከጨንቻ ተመልሻለሁ። እጄ አሁንም ይቀዘቅዘኛል። እዚያ ጉሙ እስከ ረፋዱ አልተገፈፈም።

አክስቴ በራፉ ላይ ጋቢ ተከናንባ ጠበቀችኝ። ገና ሳልቀመጥ፣ «ታሪክሽን የልጅ ልጄ በጋሞኛ እየተረጎመች አነበበችልኝ» አለች። «ቆንጆ ነው። ግን እኔ የለሁበትም።»

አልገባኝም። «አንቺ መቼ ተወለድሽና?» አልኳት።

«ያን ሌሊት እዚያው ነበርኩ። ተኝቼ። ከባለርስቱ ነው የወለደችኝ።»

የያዝኩት ሙዝ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። አያቴ ዱላው ሲበዛባት ብቻዋን ሸሸች። ወንዙን ተሻገረች፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ተመለሰች።

«አንድ ጠዋት ስነሳ ግቢው ውስጥ ውሃ ተሸክማ አየኋት። ሮጬ እግሯን ያዝኩ።»

«ምን አደረጓት?»

«እሱን አትጠይቂኝ።»

አክስቴ ጠና እስክትል አያቴ እዚያው ገረድ ሆና ኖረች። ከዚያ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች፤ በቀን፣ በዋናው በር። ሸማኔውን ያገባችው በኋላ ነው፤ እናቴም ያኔ ተወለደች። እናቴ ወንዙ ላይ የምታቆመው እህቷን ልትሸፍን ኖሯል።

ልጽፈው እንደምፈልግ ነገርኳት። «አይሆንም» አለች። «ልጆቼ የሸማኔው የልጅ ልጆች ነን ብለው ነው የሚያውቁት። ዳንኤል የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሰው ምን ይለዋል?» ዳንኤል የበኩር ልጇ ነው። ከዚያ አለቀሰች። አቅፌያት ቆየሁ።

ስወጣ ግን አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ አያቴ ቆላ ሳለች ምን በላች? «እኔ ምን አውቄ» አለች። «እዚያ አልነበርኩማ።»

እሑድ፣ ኅዳር 14

ስብከቱን አልሰማሁትም። «ተመለሰች» የሚለው ቃል ብቻ ነው ጆሮዬ ላይ ያለው።

ለተስፋዬ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ተይው» አለ። «ሌላ የምትጽፊው አታጪም። በዘመድ መካከል ነገር ይገባል።» ተናደድኩበት። ትክክል ስለሆነም ጭምር ነው የተናደድኩት።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልችልም፤ አክስቴ «ተኝቼ ነበር» ስትለኝ ደስ አለኝ። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ ፊቴ ቆመ። እሷ እያለቀሰች እኔ ምዕራፍ እቆጥር ነበር። ይሄ ሥራ ሰውን ምን ያደርገዋል?

ከሰዓት በኋላ አክስቴ እንዳትታወቅ በጽሑፉ ልጅቷን ወንድ ልጅ አደረግኋት፤ አገሩን ወደ ሌላ ቦታ ወሰድኩት። ሳነበው የማንም ታሪክ አይደለም። ሰረዝኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ትኩሳት ነበረኝ፤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ወባ አይደለም፣ ድካም ነው፣ ዕረፊ አሉኝ። የት ነው የሚታረፈው?

ለአርታኢው ደውዬ አልችልም አልኩት። «ስም ቀይሪያ!» አለኝ። አዲስ አበባ ሆኖ እንዲህ ማለት ይቀላል። እዚህ ስም ብቀይርም ቤቷን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል።

ቀጥሎ ለአክስቴ ደወልኩ። እንድታርፍ ብዬ።

«ትቼዋለሁ፤ አትጨነቂ» አልኳት።

«ተውሽው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ወንዙን እንደተሻገረች ትቀራለች?»

«በጽሑፉ አዎ።»

«እኔን ጥላ?»

ስልኩን ዘጋችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ግማሹን ፈተና አረምኩ። ይሄም ሥራ ነው።

ማታ ዳንኤል ደወለ። እንደ ወንድሜ ነው የማየው፤ ዛሬ ግን ሰላምታውም አጭር ነበር። «እናቴን ምን ብለሻት ነው? ሁላችሁም ሐሙስ ኑ እያለች ነው። አሟት ነው?» አላመማትም አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ወዲያው ለእሷ ደወልኩ፤ እኔም ልምጣ አልኳት። «አንቺ አትምጪ» አለች። «ይሄ የኔ ነው።»

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ትናንት አልጻፍኩም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ፤ ክፍል ውስጥ እንኳ።

አመሻሹ ላይ ደወለች። ድምጿ ሰልሏል።

«ነገርኳቸው» አለች።

«ዳንኤልስ?»

«ተነስቶ ወጣ። ቆቡን ረስቶ። ሴቷ ልጄ ግን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ እጄን አልለቀቀችም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አክስቴ።»

«የምን ጥፋት? እናቴ ለኔ ብላ ተመለሰች ነው ያልኳቸው። ሳወራው የሚያሳፍር ነገር አጣሁበት። ጻፊው። ስትመለስ የመጣችበትን መንገድ ግን ቶሎ እንዳታሳልፊው። ረጅም ነው። እግሯ ቆስሎ ነበር፤ እሱን አስታውሳለሁ።»

ተስፋዬ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። የፈተናውን ክምር አንስቶ ወንበር ላይ አደረገና ጠረጴዛውን ለቀቀልኝ።

ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ምን እንደበላች የሚነግረኝ ስለሌለ አንዲት የቆላ ሴት የተቀቀለ በቆሎ ሰጠቻት። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ይሁን።

ዳንኤል እስካሁን አልደወለም። ነገ እኔ እደውልለት ይሆናል፤ ምን እንደምለው አላውቅም። ዓይኔ እየተከደነ ነው። አያቴ በቆሎውን በልታ ጨርሳ ወደ ዳገቱ ቀና ብላ እያየች ነው። ገና አልተነሳችም። አላስቸኩላትም።