ማንበብ ያቃተኝ የገዛ ስሜ

ለተከበሩ የሰፈራችን ማኅበር የግድግዳ ጽዳት ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ኦክላንድ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ ያገኙትን ሁሉ ግራጫ ለሚቀቡት የኮሚቴ አባላትዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ አምሐ የተባልኩ ሹፌር፣ በአደባባይ ልጽፍልዎ የተገደድኩት በሚከተሉት ምክንያቶች ነው።

አንደኛ፣ በየቤታችን ስላደሉት የግራፊቲ ታሪክ በራሪ ወረቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ስምን በየግድግዳው መጻፍ በፊላደልፊያ ልጆች ተጀምሮ፣ በኒውዮርክ ባቡሮች ላይ አድጎ፣ እኛ ድልድይ ሥር እንደደረሰ ተምሬበታለሁ። እኔ ግን የፊላደልፊያን ስም ከመስማቴ በፊት አዲስ አበባ የትምህርት ቤት ዴስክ ላይ በኮምፓስ፣ ሱዳንም በስደት ሳለሁ የካምፑ የውሃ ታንከር ላይ በምስማር ስሜን ጽፌያለሁና፣ በሚቀጥለው እትም ቢያስታውሱኝ አይከፋኝም።

ሁለተኛ፣ አውራ ጎዳናው ድልድይ ሥር በሰማያዊ ቀለም የተጻፈውን ፎቶ አንስተው፣ በስብሰባ ፊት እንዳነብልዎ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ፊደል ነው፤ አምሐ ይላል። የጻፈችው የሃያ ዓመት ልጄ መቅዲ ናት፤ እዚህ አገር የአባት ስም የቤተሰብ ስም ስለሚሆን የእኔ ስም የእሷም ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ፊደል ላስቆጥራት ታግዬ፣ ከስሟና ከስሜ በቀር አልያዝ ብሏት ነበር፤ የ«ሐ»ን መሃል እግር እያስረዘመች መጻፏንም ከማንም በላይ አውቃለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሲያየኝ ግን አፈርኩና፣ አላውቀውም፣ የአርመን ፊደል ሳይሆን አይቀርም አልኩዎት።

ሦስተኛ፣ በእኔ ቃል ብቻ ተማምነው፣ በማግስቱ አርመናዊውን ጫማ ሰፊ ቫሃንን ደንበኞቹ ፊት ስላፋጠጡበት ቅልጥፍና ቃል ያጥረኛል። ስለተሰበረው የመንገድ መብራት እንዲያመለክቱልን ከለመንዎ ሁለተኛ ዓመታችን ነውና፣ ይህን ያህል መፍጠን እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቫሃን ዛሬም ጠዋት ጠዋት እጁን አንስቶ ሰላም ይለኛል፤ እኔ ቀና ብዬ ላየው አፍራለሁ።

ስለዚህ ቃሌን አንስቻለሁ፤ ፊደሉ የእኛ ነው፣ ስሙም የእኔ ነው። መቅዲ ራሷ ቀርባ ጥፋቷን ለማመን ፈቅዳለች። እኔም ዛሬ ቫሃን ሱቅ ሄጄ፣ ደንበኞቹ ባሉበት ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርስዎም ቢከተሉኝ መንገዱን ያውቁታል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ተጠይቆ ራሱን የካደው ታማኝ አስተርጓሚዎ
አምሐ

ማስታወሻ፦ ለትብብሬ የላኩልኝን የምስጋና ወረቀት ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ለምን እዚያ እንደጻፈችው መቅዲን ጠይቄያት ነበር፤ በየቀኑ ለሥራ የማልፍበት ስለሆነ፣ አባቴ አይቶ ደስ ይለዋል ብላ ነው። ይህን የሚሸፍን ግራጫ ካለዎት ይላኩልኝ።