ኮምፒውተርሽን ብርድ አልመታውም

ፍሬ፣
መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬም ባትሪ ጨርሷል፤ ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። የአንኮበር መኪና ሳያመልጠኝ ልሩጥ።

ኮምፒውተርሽን ብርድ አልመታውም! ሳምንቱን ሙሉ ጋቢ ስታለብሺው ሳቄን እንዴት እንደቻልኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሜሞሪ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ድሮ አንድ ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆነዋል፤ እኔና አንቺ ብርድ ልብስ እንደምንጓተተው፣ እነሱም አንዱን ሜሞሪ ይጓተታሉ። ለዛ ነው ሲነሳ መሃል ላይ ድርቅ የሚለው።

መብራት ሲመጣ ክፈቺውና ወዲያው ኤፍ ስምንትን ተጫኚ። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። ከሁለቱ ተጓታቾች የአንዱን ስም ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጥፌልሻለሁ፤ እሱን ብቻ ኤን (አይ) በዪው፣ ሌላውን ሁሉ ዋይ (አዎ)።

ጠዋት ሞክሬው ሠርቷል። አባትሽ የተዉልሽ የምንጣፍ ንድፎች አንዱም አልጠፋም፣ ሁሉንም ከፍቼ አይቻለሁ።

ሁለተኛውን ማን ጫነው እንዳትዪኝ።
የምጫወተው ጌም ያለሱ አልነሳ ብሎኝ ነው።
ስታለቅሺ እያየሁ ዝም ማለቴ ግን...
ተይው፣ እሁድ ስመጣ።

ጋቢውን ይዤዋለሁ። አንኮበር ላይ የሚበርደው ሰው ነው።

ትርፌ